«የወፍ በሽታ» እና የመጀመሪያዋ ቀን

በመርሳም ሆነ በወልድያ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን ብዙዎች «የወፍ በሽታ ነው» ይላሉ። የሌሊት ወፍ ያመጣዋል የሚለው እምነት በብዙ የአገሪቱ ክፍል የቆየ ነው፤ መድኃኒትም ከሥር ማሽ ደጅ ይፈለጋል። ስሙ ግን ዋናውን ጉዳይ ይሸፍናል። ሄፓታይተስ ቢ ሕፃን ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አያቢጭም። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ቫይረሱ የታወቀው አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ ባደረገው ግኝት መነሻነት ነው፤ በ1976 ኖቤል ተሸልሞበታል። በኋላ የወጡ ጥናቶች አንድ ነገር አሳዩ፦ አዋቂ ሆኖ ከተያዘ ሰው ሥር የሚሰድበት ከ100 ከ5 በታች ሲሆን፣ በሕፃንነቱ ከተያዘ ግን 90 ያህሉ ላይ ሥር ይሰዳል። የሕፃኑ ሰውነት ቫይረሱን ተላምዶት ይኖራል። መላመዱ ሲያበቃ ጉበት ይቆጣል፣ ይጠብሳል፤ ሲርሆሲስና የጉበት ካንሰር የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በጉልምስና ነው።

ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 አራስ ሕፃናትን መከተብ ጀመረች፤ የልጆች የጉበት ካንሰርም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራሟን በ1972 ዓ.ም. ብትጀምርም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አምስት በሽታ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት።

ክፍተቱ እዚህ ላይ ነበር። እናት ቫይረሱን የምታስተላልፈው በተለይ በወሊድ ጊዜ ሲሆን፣ ክትባቱ ሲገባ ይደርስ የነበረው ግን ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር። ሀብሩ ውስጥ በ1998 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ክትባቱ በሕፃንነቷ አልደረሳትም፤ ዛሬ እናት የምትሆንበት ዕድሜ ላይ ናት። ጦርነቱም ተጨመረ፦ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢው በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረበት ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ክትባት ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ጤና ጣቢያ አይሰጥም።

ሕክምናውም ዘግይቶ ነው የመጣው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሰፊ የሕክምና ፕሮግራም የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ለአዋቂዎች። አዲስ አበባ ደግሞ ከመርሳ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

አብዛኞቹ የተያዙ ልጆች ወዲያው መድኃኒት አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው የማይቋረጥ የደምና የጉበት ምርመራ ነው። ጉበታቸው እየተጎዳ ላሉት ኢንቲካቪርና ቴኖፎቪር አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ12 ዓመት ጀምሮ ያሉ ታዳጊዎችም በሰፊው እንዲታከሙ መክሯል። መድኃኒቱ ግን ቫይረሱን ያዳክመዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም።

ስለዚህ የልጁ ሕክምና የሚጀምረው ከእናቱ ነው፦ በእርግዝና ወቅት ምርመራ፣ ቫይረሱ ለበዛባት ቴኖፎቪር፣ ለሕፃኑ በመጀመሪያዋ ቀን ክትባት። በሽታው 30 ዓመት መጠበቅ ይችላል፤ የመጀመሪያዋ ቀን ግን ካለፈች አትመለስም።