የጥቅል መላኪያ ሌብል በተራ ወረቀት

የጥቅል መላኪያ ሌብል የላኪና የተቀባይ አድራሻ፣ የመከታተያ ቁጥርና ባርኮድ የሰፈረበት፣ በጥቅል ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ብዙ ዕቃ የሚልኩ ድርጅቶች በሙቀት በሚሠራ ልዩ ፕሪንተር ያትሙታል፤ የተለመደው መጠኑም 4 በ6 ኢንች (101.6 በ152.4 ሚሊሜትር) ነው። ይህ መሣሪያ የሌለው ሱቅ፣ ቢሮ ወይም ቤተሰብ ያንኑ ሌብል ደብዳቤ በሚጽፍበት ወረቀት ማተም ይችላል።

በኢትዮጵያና በአብዛኛው ዓለም ወረቀቱ ኤ4 ነው፤ 210 በ297 ሚሊሜትር። መነሻው ጀርመናዊው ዋልተር ፖርስትማን የቀመረውና በ1922 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመን ደረጃ ነው። አንድ ኤ4 ሁለት ኤ5 ወይም አራት ኤ6 ይወጣዋል። በአሜሪካና በካናዳ ያለው «ሌተር» ደግሞ 215.9 በ279.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከኤ4 ሰፋ፣ አጠር ይላል። ባለ 4 በ6 ኢንች ሌብል በሁለቱም ወረቀቶች ግማሽ ላይ ሳይቀነስ ያርፋል። ኤ6 ላይ ግን ቁመቱ ስለሚተርፍ አይበቃውም።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ዋናው ነገር ይኸው የመጠን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ለኤ4 የተዘጋጀ ፋይል ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ተልኮ በሌተር ሲታተም፣ ከገጹ ጋር አስማማ የሚለው ምርጫ ሌብሉን ወደ 94 በመቶ ያሳንሰዋል። ዓይን ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውም፤ ባርኮዱን ግን ሊያበላሸው ይችላል። በኢንች 300 ነጥብ በሚያትም ፕሪንተር 4 ነጥብ የነበረው ቀጭን መስመር 3.76 ነጥብ ይሆናል። ፕሪንተር ነጥብን ከፍሎ ስለማያትም አንዱን መስመር 4፣ ሌላውን 3 ያደርገዋል። በጥቅል ላይ በብዛት የሚታየው ኮድ 128 መረጃውን የሚይዘው በመስመሮቹና በመካከላቸው ባሉት ክፍተቶች ስፋት ስለሆነ፣ ምጣኔው ሲዛባ ስካነሩ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ሌብል ምንጊዜም በ100 በመቶ መታተም አለበት፤ አንዱን ሌብል አትሞ በማስመሪያ መለካትም ይበጃል። በባርኮዱ ግራና ቀኝ ከቀጭኑ መስመር ቢያንስ 10 እጥፍ የሚሆን ባዶ ነጭ ቦታ ይተዋል። ሌብሉን አሳምራለሁ ብሎ እዚያ ክፈፍ ወይም አርማ ማስገባት ትልቅ ጥፋት ነው።

በዓለም አቀፍ ፖስታ የመከታተያ ቁጥሩ 13 ምልክቶች አሉት፦ የአገልግሎቱን ዓይነት የሚያሳዩ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ስምንት አሃዞች፣ አንድ ማረጋገጫ አሃዝና የመነሻውን አገር የሚገልጹ ሁለት ፊደላት። ማረጋገጫው ከስምንቱ አሃዞች ተሰልቶ ስለሚገኝ በእጅ ሲገባ የተሳሳተ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይያዛል።

የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የተቀባዩ አድራሻ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ያዛል፤ መድረሻው አገር የራሱ ፊደል ካለው በዚያም መደገሙን ይመክራል። ወደ ኢትዮጵያ በሚመጣ ጥቅል ላይ ከላቲኑ ሥር የአማርኛውን አድራሻ መጨመር ለአዳዩ ትልቅ እገዛ ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ ፊደል (ፎንት) ተጽፎ ፊደሉም በሚታተመው የፒዲኤፍ ፋይል ውስጥ ሊካተት ይገባል። ዩኒኮድ ባልሆኑት የቀድሞ የግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ አድራሻ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

ተለጣፊ ወረቀት የሚጠቀም ሰው ከፕሪንተሩ ጋር የሚስማማውን መምረጥ አለበት። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን በሙቀት አቅልጦ ስለሚያጣብቅ፣ ለቀለም ፕሪንተር የተሠራ ስቲከር መሣሪያው ውስጥ ሊላቀቅ ይችላል፤ ከፊሉ የተላጠ ወረቀት መልሶ ማስገባትም ያንኑ አደጋ ያመጣል። ተራ ወረቀት ከሆነ ሙሉው በሰፊ ግልጽ ፕላስተር ይሸፈናል፤ የቀለም ፕሪንተር ጽሑፍ ውኃ ሲነካው ስለሚፈስ ይህ አይታለፍም። ፕላስተሩ ባርኮዱ ላይ ሳይጨማደድ መለጠፍ አለበት፤ ጭምድዱ ብርሃን እያንጸባረቀ ስካነሩን ያስቸግራል።

ሌብሉ የሚለጠፈው በካርቶኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው፤ መገጣጠሚያውን ተሻግሮ ከተለጠፈ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ካርቶኑ ቀድሞ ያገለገለ ከሆነ አሮጌው ባርኮድ ይላጣል ወይም ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ ካልሆነ ስካነሩ እሱን አንብቦ ጥቅሉ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል።