ወደ ጅቡቲ ከተማ ለሚጓዙ ዜጎች፦ የማረፊያ ስፍራ አመራረጥ

ለኢትዮጵያውያን ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ሁሉ ቅርቧ ጅቡቲ ናት። ዕቃና ተሽከርካሪ ለማስለቀቅ የሚሄድ ነጋዴ፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሚጓዝ ቤተሰብ፣ ጭነት የሚያመላልስ አሽከርካሪ፣ ባሕር ለማየት የሚሻ ወጣት ሁሉም ወደዚያ ያመራሉ። አውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬዳዋ በኩል እስከ ናጋድ ይደርሳል። ይህ ቅርበት ብዙ ተጓዦችን ያዘናጋል። አዳማ ወይም ሐዋሳ እንደሚሄዱ ሁሉ «ደርሼ አልጋ እፈልጋለሁ» ብለው የሚነሱ ጥቂት አይደሉም። ጅቡቲ ግን የማረፊያ ዋጋዋ ከፍ ያለ፣ የአየር ጠባይዋ ከደገኛው አገር ፈጽሞ የተለየ፣ የመንግሥት ሥራ ቋንቋዋም ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የሆነ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት። ማረፊያን አስቀድሞ መርጦ መነሣት ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጤናንና ደኅንነትን ይጠብቃል።

የጉዞው ወር

የማረፊያ ምርጫ የሚጀምረው ከወሩ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሚሆን መስኮቱ ነፋስ የሚያስገባ፣ ማራገቢያ ያለው ክፍል ለብዙ ሰው ይበቃል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስም በእነዚሁ ወራት ይነሣል። ሌሊቱም ቢሆን አይበርድም። ከደጋ ለሚሄድ ሰው፣ በተለይም ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው፣ በዚህ ወቅት የአየር ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ርካሽ ሊባል አይችልም። አቅም የማይፈቅድ ከሆነና ጉዳዩ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ጉዞውን ወደ ኅዳር ማሸጋገሩ የተሻለ ነው።

በዝቅተኛ ዋጋ በሚከራዩ ማረፊያዎች ማቀዝቀዣ ያለው ክፍልና ማራገቢያ ብቻ ያለው ክፍል የተለያየ ዋጋ አላቸው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ ስለየትኛው እንደሚነገር ማረጋገጥ፣ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ ወይም በተወሰነ ሰዓት ይጠፋ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ በሚሄድ የኤሌክትሪክ ኃይልም ትጠቀማለች፤ ይሁንና መብራት ሊቋረጥ ስለሚችል ማረፊያው ጀነሬተር ያለው መሆኑ ታላቅ ልዩነት ያመጣል።

የከተማዋ ሰፈሮች

የቀድሞው የአውሮፓውያን ሰፈር በሚባለው መሃል ከተማ የሚገኘው አደባባይ ዛሬ በጅቡቲ የነጻነት ቀን በሰኔ 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ስም ይጠራል፤ ነዋሪው ግን እስከ አሁን ሜኔሊክ አደባባይ ነው የሚለው። ለታክሲ ነጂም ይኸኛው ስም ይቀላል። በአካባቢው መካከለኛ ደረጃ ያላቸው ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ገንዘብ መንዛሪዎች ስላሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድና የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ላለው ሰው አመቺ ነው። የማይመቸው ነገር ድምፁ ነው። ከአደባባዩ አጠገብ ያለው የኢትዮጵያ ጎዳና የሚባለው መንገድ የመጠጥ ቤቶችና የዳንስ ቤቶች መናኸሪያ ስለሆነ፣ ከሕፃናት ጋር የሚሄድ ቤተሰብ ወይም ማለዳ ተነሥቶ ጉዳዩን ማስፈጸም ያለበት ሰው ከዚያ ጎዳና ራቅ ያለ ክፍል ቢይዝ ይመረጣል።

ከመሃል ከተማው በስተ ሰሜን ያሉት የፕላቶ ዱ ሴርፓንና የሄሮን ሰፈሮች ጸጥ ያሉ፣ የኤምባሲዎችና የባለ ከፍተኛ ደረጃ ሆቴሎች መገኛ ናቸው። ዋጋቸውም እንዲሁ ከፍተኛ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣልያንና የቻይና ወታደራዊ ሠፈሮች በአገሪቱ በመኖራቸው ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ የውጭ ዜጎች ክፍሎቹን መፈለጋቸው ነው።

ከመሃል ከተማው በስተ ደቡብ በቁጥር የሚጠሩት ካርቲዬዎች ይገኛሉ። እነዚህ ጥንታዊ የሕዝብ መኖሪያዎች ገበያ የበዛባቸው፣ ኢትዮጵያውያን ምግብ አብሳዮችና ነጋዴዎችም የሚገኙባቸው ናቸው። አልጋ በርካሽ ይገኛል፤ የንጽሕናውና የጥበቃው ደረጃ ግን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሳያዩ መክፈል አይገባም። ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ያለው ባልባላ ሰፊና ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ክፍለ ከተማ ነው። የሚቀበል ዘመድ ላለው እንጂ ለእንግዳ የመጀመሪያ ማረፊያነት አይመከርም። የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ቢሆንም ድንገተኛ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፤ በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጎርፍ ሕይወት አጥፍቷል። በወንዙ ዳርና በዝቅተኛ ቦታ ያለ የምድር ቤት ክፍል በዝናብ ወራት ባይያዝ ይበጃል።

የማረፊያው ርቀት ሊለካ የሚገባው ከሚፈጸመው ጉዳይ ነው። የናጋድ ባቡር ጣቢያ ከመሃል ከተማው ውጭ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባሻገር ስለሚገኝ በእግር የሚደረስበት አይደለም። የዶራሌ ወደብም ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው። ነጭና አረንጓዴ የተቀቡት ታክሲዎች የዋጋ መቁጠሪያ የላቸውም። ከመሳፈር በፊት ዋጋ መነጋገር፣ ሌሊት የሚጨመረውንም ማሰብ ግድ ይላል።

ባሕር ለማየት የሚሄድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጅቡቲ በባሕር የተከበበች ብትሆንም የጠረፏ አብዛኛው ክፍል ወደብና ረግረግ ነው፤ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት በብዙ ቦታ የሚታየው ጭቃ ነው። የሆቴሉ ስም «ባሕር» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ተጨማሪ ከመክፈል፣ መሃል ከተማ አርፎ ወደ ሙሻ ደሴት ወይም ወደ ታጁራ ደርሶ መመለሱ ይሻላል።

ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት

የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ የተሳሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ስለዚህ በ10,000 ፍራንክ የሚከራይ ክፍል 56 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህን ስሌት የያዘ ተጓዥ በድርድር ጊዜ አይደናገርም። ዋጋው ግብርንና ቁርስን ይጨምር እንደሆነ፣ ለአንድ ሰው ወይም ለክፍሉ እንደሆነ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የአንድ ሌሊት ብቻ ከፍሎ ቤቱን ማየት፣ ከተስማማ ማራዘም አስተማማኝ መንገድ ነው። በየክፍያው ደረሰኝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሰዓት ቀጠናው ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። አስተናጋጁ «ክፍሉ በ12 ሰዓት ይለቀቃል» ሲል በእኛ አነጋገር ከቀኑ 6 ሰዓት ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ የተጨማሪ ሌሊት ሒሳብ መክፈል ሊመጣ ይችላል። በቀን መቁጠሪያም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 10 በአብዛኛው ዓመት ሴፕቴምበር 20 ስለሆነ፣ ቀኑን በቃል ብቻ የያዘ ሰው ክፍሉን በዐሥር ቀን አሳስቶ ሊያስይዝ ይችላል። ዓርብ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ነው፤ በሌሎቹም ቀናት ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሱቆችና ጽሕፈት ቤቶች ይዘጋሉ። ሐሙስ ማታ የሚደርስ ባለጉዳይ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያለ ሥራ ይከፍላል።

ክፍሉን ሲመለከቱ

ከአልጋውና ከበሩ ቁልፍ ይልቅ ተጓዦች የሚዘነጉት የውሃ ማጠራቀሚያውን ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በ2012 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ከተማ ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የምትለየው በከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በታንከር በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ በመራባቷ ነው። በማረፊያው ግቢ ክዳን የሌለው በርሜል ወይም ታንከር ካለ፣ መስኮቶቹም ወንፊት ከሌላቸው ሌላ ቤት መፈለግ፣ አለዚያም አጎበር ይዞ መሄድ ይገባል። ከጉዞ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ለሐኪሙ ጅቡቲ እንደነበረ መንገር አለበት። የቧንቧው ውሃ በአንዳንድ ሰፈሮች ጨዋማነት ሊኖረው ስለሚችል ለመጠጥ የታሸገ ውሃ መያዝ ይመረጣል።

ነጻ ማረፊያ እናዘጋጃለን ስለሚሉ ደላሎች

በባቡር ጣቢያ፣ በድንበር ኬላ ወይም በስልክ ቀርበው «ማረፊያው የእኛ ነው፣ የሚከፈል የለም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጅቡቲ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን በሚወስደው አደገኛ የስደት መስመር ላይ ትገኛለች፤ በዚህ መስመር ብዙ ወገኖች ሰጥመዋል። በደላላ የሚዘጋጅ ነጻ ማረፊያ በመስመሩ ላይ ሰዎችን ሰብስቦ ማቆያ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርት ወይም ስልክ የሚቀበል፣ ከቤት መውጣትን የሚከለክል፣ የቤተሰብ የስልክ ቁጥር የሚጠይቅ «አሳዳሪ» ከተገኘ ጊዜ ሳያጠፉ ከስፍራው መራቅና ለፖሊስ ወይም በጅቡቲ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማመልከት ይገባል። ይህን የመሰለ ድርጊት የሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሕጋዊ ሆቴልም ቢሆን ሲመዘግብ ፓስፖርት ማየቱና ቅጂ መውሰዱ የተለመደ ነው፤ ከምዝገባ በኋላ ግን ሰነዱ ለባለቤቱ ሊመለስ ይገባል። እንደ መያዣ ሊያስቀር የሚሞክር ቤት ካለ፣ ቅጂ ሰጥቶ ዋናውን መጠየቅ፣ ካልተስማማም ሌላ ማረፊያ መፈለግ ይቻላል። ተጓዡ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የማረፊያውን ስም፣ ሰፈርና ስልክ፣ የሚመለስበትንም ቀን በቤቱ ለሚቀር አንድ ሰው ትቶ ይሂድ። ማረፊያውን በመንገድ ላይ ከቀየረ አዲሱን አድራሻ በዚያው ዕለት ማሳወቅ አለበት፤ ጠፋ የተባለ ሰው ፍለጋ የሚጀመረው በመጨረሻ ከታወቀበት ስፍራ ነው።