ሽርጥና ትራስ ልብስ

በእኛ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፌት የተማረች ልጅ ልብስ ሰፊ ትሆናለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ወሎ ውስጥ በአንዲት የአውራጃ ከተማ የቤት አያያዝ ተማርኩ፣ በኋላም አስተማርኩት። ከተማሪዎቼ መሃል ግን የስፌት መኪና ገዝታ በረንዳ ላይ ልብስ ልትሰፋ የተቀመጠች አላየሁም። በረንዳው የወንዶች ነበር።

ነገሩ ከትምህርት ቤት በፊት ይጀምራል። በደጋው አገር ጥጥ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው፤ መርፌ ይዞ ቀሚስና እጀ ጠባብ የሚሰፋውም በአብዛኛው ወንድ ነበር። ሴቷ አለላ ነክራ መሶብ ትሰፋለች። በእግር የሚረገጠው የሲንጀር መኪና ሲመጣም የተቀበለው ያው ወንዱ ሰፊ ነው። ዛሬም ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ የሐበሻ ቀሚስ በመኪና ከሚጠልፉት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው።

ትምህርት ቤት ግን መርፌውን ለሴት ልጅ ሰጠ። በ1923 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ከቋንቋና ከሒሳብ ጋር የእጅ ሥራ ያስተምር ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ እርዳታ ጭምር አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚባሉት ተስፋፉ፤ እንደ ሽመልስ ሀብቴ ያሉት ስሙን ይዘውት ቀርተዋል። ከቀለሙ ጎን ንግድ፣ ግብርና፣ እንጨትና ብረት ሥራ፣ ቤት አያያዝ ገባ። ወንዶቹ ወደ መዶሻው፣ እኛ ወደ መርፌው። የታሰበልን ደመወዝ ሳይሆን ትዳር ነበር።

መጀመሪያ በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ ዘምዘማ ተለማመድን። ቀጥሎ ሽርጥ፣ ከዚያ ትራስ ልብስ። (ሽርጡን ለምግብ ዝግጅት የምንለብሰው እኛው ነን፤ አጣማ የሰፋች ዓመቱን ሙሉ ጠማማ ለብሳ ወጥ ታማስላለች።) ቀሚስ የሚደረስበት መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ መምህራችን ቡርዳን ታወጣለች።

ቡርዳ ከጥር 1942 ዓ.ም. ጀምሮ ጀርመን ውስጥ የሚታተም የልብስ መጽሔት ነው። ከውስጡ የሚወጣው ታጣፊ ወረቀት ተዘርግቶ ጠረጴዛ ይሸፍናል። የብዙ ልብሶች ቅድ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ታትሞበታል፤ አንዱ በሙሉ መስመር፣ አንዱ በነጠብጣብ፣ አንዱ በሰረዝ። የራስሽን መስመር ለይተሽ በስስ ወረቀት ካልቀዳሽ የአንዱን እጅጌ ከሌላው ትከሻ ጋር ታጋቢያለሽ። ጀርመንኛ የሚያውቅ አልነበረንም፤ በጣታችን እየተከተልን መስመሩን ማንበብ ለመድን። ልኩ የተወሰደው ከእኛ አይደለምና ደረት ማጥበብ፣ ወገብ ከፍ ማድረግ፣ ታች ማሳጠር የእኛ ፈንታ ነበር። ጠመኔ ይዘን እዚያ ወረቀት ላይ ስንከራከር ክፍለ ጊዜው ያልቅብናል። ለዲዛይን የቀረብነው በዚያ ነው። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ «የራስሽን ሣዪ» ያለን የለም፤ በረንዳ ላይ ያለው ሰፊ እንኳ ከእኛ ይልቅ ይፈጥር ነበር፤ ደንበኛው ፎቶ አሳይቶት ያለ ቅድ ይቆርጥ ስለነበር።

ከእኛ ትምህርት ቤት ውጭም ያው ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ጨርቃ ጨርቅን አስተምሯል። ከተማው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረው፤ የሚፈለገውም የፋብሪካ ባለሙያ እንጂ ቀሚስ ነዳፊ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የሙያ ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሻገረው። በእኔ አስተያየት በዚህ ስፌት ከበሬታ አላገኘም፤ ነጥብ ያነሳት ልጅ የምትላክበት ሆነ።

በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሆኑ። የሚሰፉት ግን ለውጭ ገበያ ነበር፣ ቅዱም ከውጭ ነበር የሚመጣው። ስማቸውን በልብስ ላይ ካኖሩት ዲዛይነሮች አንዳንዶቹ ደግሞ በሌላ በር የገቡ ናቸው፤ የየፍቅር ዲዛይን መሥራች ፍቅርተ አዲስ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች።

ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፋሽን ዲዛይን በዲግሪ ይሰጣል። የሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ 12ኛ ክፍልን መቀስ ሳይነኩ የጨረሱ ናቸው፤ እኛ ገና በ9ኛ ክፍል የለመድነውን ልክ መውሰድ እዚያ ይጀምሩታል።