የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር

የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በተባለው የድሆች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ነው። መሥራቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ናቸው። ያነሣሣቸው ከባድ ሐዘን ነበር፤ አንዲት ታካሚያቸው ለአውቶቡስ መሳፈሪያ የሚሆን 15 ዶላር ያህል አጥታ ከሆስፒታል ቀረች፣ ከዚያም ሕይወቷን አጠፋች።

ሥራውን የጀመሩት በሰፈሩ የጤና አገልግሎት ይሰጡ የነበሩ 14 አያቶች ናቸው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ትርፍ ክፍል ስላልነበረው ምክሩ ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነ። አያቷ በሾና ቋንቋ የተዘጋጁ 14 ጥያቄዎች ትጠይቃለች፦ እንቅልፍ እንዴት ነው? ሐሳብ ይበዛብሻል? ከዚያ ታዳምጣለች። ባለጉዳይዋ ችግሯን ሁሉ ትዘረዝርና አንዱን ትመርጣለች፤ ለዚያ አንድ ችግር በአቅሟ ልትወስደው የምትችለውን እርምጃ ራሷ ታወጣለች። የዘዴው ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ መፍትሔው ከውጭ አይጫንባትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን እንደተሳካ፣ ምን እንደከበደ ተመልሰው ይነጋገራሉ። ምክሩን የጨረሱት በቡድን ይገናኛሉ፤ እየተጨዋወቱ ቦርሳ ይሠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው ከአያቶች ጋር ከተነጋገሩት 14 በመቶ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን 50 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። አሠራሩ ማላዊና ዛንዚባርም ደርሷል።