ካርታ ለማን?

በአማርኛችን «ካርታ» የምትባለዋ ቃል ሥራ በዝቶባታል። ጎረምሶች ኮንከር የሚጫወቱባት ካርታ ናት። ማዘጋጃ ቤት አሥር ጊዜ ተመላልሰን የምናወጣት የቤት ይዞታ ማረጋገጫም ካርታ ናት። የጂኦግራፊ አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚሰቅላትም ያው ካርታ ናት። አራተኛው ትርጉም ግን፣ ማለትም መንገደኛ በእጁ ይዞ «የትኛው መኪና የት ያደርሰኛል? የት ወርጄ የቱን ልያዝ?» እያለ የሚያያት ወረቀት፣ ከቃሉ ጋር ገና አልተዋወቀችም።

እንግዲህ አንድ አጥኚ መጠይቁን ታቅፎ መቱ መናኸሪያ በር ላይ ቆመ እንበል። «የትራንስፖርት ካርታ ያስፈልግዎታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የቤቱ ካርታ መስሎት የማዘጋጃ ቤቱን ብሶት ይዘረግፍለታል። ሌላው «ኧረ እኔ ቁማር አልጫወትም» ብሎት ያልፋል። ሦስተኛው «ጠይቄ እደርሳለሁ፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» ይላል። አጥኚያችንም «ፍላጎት የለም» ብሎ ሪፖርቱን ይዘጋል። አበው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ግን ፍላጎት ማጣት አይደለም። ኢሉባቦር በወረቀት ካርታ ሳትነሣ የኖረች አገርም አይደለችም። ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች በ1889 ዓ.ም. እስከ ባሮ ወንዝ ተጉዞ ያየውን መዝግቦ በአገሩ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና እንግሊዞች የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ በባሮ ዳር ኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተስማሙ። የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ በቁጥር ተጻፈ። ጣቢያው ኋላ ጋምቤላ ላይ ቆመ። ልብ በሉ፤ መሬቱ በሜትር እየተለካ የተነገረው ለሚዋዋሉት ነው። ከጎሬ በቡሬ በኩል ቡና ጭኖ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ካርታው አፉና ጆሮው ነበር። የቱ ወንዝ እንደሞላ፣ ኬላው የት እንደሆነ፣ የት እንደሚታደር ከፊቱ ከሄደው ሰው ሰምቶ ይሄዳል። የእንፋሎት መርከቧም ባሮ በሚሞላበት በክረምት ካልሆነ አትመጣም። ወሬው አንድ ሳምንት ከዘገየበት ቡናው ወንዝ ዳር ይቀርበታል።

የአፍ ካርታ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። መንገዱ ሲዞር እሱ ቶሎ አይዞርም። የኢሉባቦር መንገድ ደግሞ ዞሯል። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ ፊቷ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሮና ወደ ካርቱም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠውም እዚያው ነው። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በእ.ኤ.አ. 1956 የጋምቤላው ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የአውራ ጎዳናው ጉልበት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በደሌ፣ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ አደላ። እ.ኤ.አ. በ1978 የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ዞረ። አንድ ሰው በሚያስታውሰው ዕድሜ ውስጥ የአገሩ በር ከጓሮ ወደ ፊት ለፊት ተዛወረ ማለት ነው።

ዛሬ መቱ የእንግዳ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ከየክልሉ ተማሪ ያስመጣል። የመቱ ካርል ሆስፒታል ከየወረዳው በሽተኛ ይቀበላል። ከዳሪሙ ገጠር ሕፃን ታቅፋ የመጣች እናት ከመናኸሪያ ወጥታ ሆስፒታሉ በየት እንደሆነ፣ ባጃጅ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ማታ የሚመልሳት የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ማወቅ አለባት። ካላወቀች ሁለቴ ትከፍላለች፤ አንዴ በገንዘብ፣ አንዴ በማደር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተማሪም በጅማ ይሁን በነቀምት፣ ሁለቱ መንገዶች በደሌ ላይ እንደሚገናኙ የሚነግረው ከሌለ ደላላ ይነግረዋል። «ቡሬ» ያለው መንገደኛማ የጎጃሙን ይሁን የኛን ማስረዳት ይጠበቅበታል!

«ረዳቶቹ አሉ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አሉ፤ ጎበዞችም ናቸው። ረዳት ካርታ ነው፤ ግን የራሱን መኪና ብቻ የሚያሳይ ካርታ ነው። እሱ የሚፈልገው ወንበሩ እንዲሞላ እንጂ እርስዎ አጭሩን መንገድ እንዲያገኙ አይደለም። ጠይቆ መድረስ ደግ ባህላችን ነው። ሆኖም የሚጠይቅ ሰው እንግዳነቱን ለሰማው ሁሉ ያውጃል፤ ታሪፉም እዚያው ላይ ይጨምራል።

ታዲያ ፍላጎት እንዴት ይጠየቃል? የለንደንን ታሪክ እንመልከት። ሃሪ ቤክ የሚባል የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1931 የከርሰ ምድር ባቡሩን መስመሮች በቀጥታ መስመርና በቀለም አቅልሎ ሣለ። አለቆቹ ሕዝቡ አይወደውም ብለው መለሱት። በዓመቱ ግን 500 ቅጂ ታትሞ ለጥቂት ጣቢያዎች ተሰጠና ተወደደ። በጥር 1933 ወደ 700 ሺህ ቅጂ ሲታተም፣ ሽፋኑ ላይ ሕዝቡ አስተያየቱን እንዲጽፍ ተጠየቀ። አየህ አንባቢዬ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን በእጁ ሰጡት፤ ከዚያ ጠየቁት።

ለንደን ሩቅ ነው ካላችሁ ናይሮቢ አለች። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች እንደኛዎቹ በጥሪ እንጂ በጽሑፍ መስመር የሚኖሩ አልነበሩም። ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው እየተሳፈሩ መስመሩን መዘገቡና እ.ኤ.አ. በ2014 የከተማው የማታቱ ካርታ ታትሞ ወጣ። አዲስ አበባችን አንበሳ አውቶቡስን ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ታውቃለች። ሰውም መስመሮቹን በቁጥር ይጠራል። በ2008 ዓ.ም. ሁለት መስመር ያለው ቀላል ባቡርም መጣ። ይሁንና ለአብዛኛው ተሳፋሪ ዋናው ካርታ አሁንም የወያላው ጉሮሮ ነው።

ለመቱ ጥናት የሚበጀው እንዲህ ነው። አጥኚው «ካርታ» የምትለዋን ቃል ይተዋት። መናኸሪያው በር ላይ ደብተር ይዞ አንድ የገበያ ቀን ይዋልና እንግዳው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ብቻ ይጻፍ። ተራ አስከባሪው፣ ባጃጅ ነጂው፣ የሻይ ቤቷ እመቤት በቀን ስንት ጊዜ «በየት ነው?» እንደሚባሉ ይቁጠር። ያ ቁጥር ፍላጎቱ ነው። ከዚያ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ በደሌ፣ ቡሬና ጋምቤላ በአንድ መስመር ላይ የተሰደሩባት አንዲት ገጽ ይሣል። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሆስፒታሉና የገበያው ሥዕል ይግባ። ታሪፉና የመጨረሻው መኪና ሰዓት ይጻፍ። ታሪፍ ሲለወጥ ወረቀቱም ይለወጥ። ይህ ካልሆነ ያረጀ ካርታ ከአሳሳች ደላላ አይሻልም።

የቡላቶቪች ካርታ ለሩሲያ፣ የ1894ቱ ውል ለሁለት መንግሥታት ጠቅሟል። በዚሁ መንገድ ላይ ዕለት ዕለት የሚመላለሰው ሰው ግን ዛሬም በር ላይ ቆሞ «በየት ነው?» ይላል። መጠይቁ «አያስፈልገኝም» ብሏል ቢለን አንመነው።