በጋዝጊብላና በዋግ አገር የእርግዝና ምስጢርና የነፍሰ ጡሮች የጤና ክትትል

ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ ውስጥ ከሰቆጣ በስተ ደቡብ የሚገኝ ተራራማ ወረዳ ነው፤ ከተማውም አስከተማ ይባላል። እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ በዚህም አገር ሴት ስትፀንስ ወሬው ቶሎ አይነገርም። ይኸውም ከፊሉ የክፉ ዓይን ፍርሃት፣ ከፊሉም ሐፍረት ነው። አነጋገሩ ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ብዙዎች «እርጉዝ» ማለትን ለከብት ትተው ለሴት «ነፍሰ ጡር» ማለትን ይመርጣሉ። ሆድ እስኪገፋ ድረስ ምስጢሩን የሚያውቁት ባልና እናት፣ ምናልባትም አንዲት ጎረቤት ናቸው።

የሐኪም ቤት ሥርዓት ግን ከዚህ ጋር የማይስማማ ነገር ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12 ሳምንት እንዳያልፍ መክሯል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቂጥኝ በጊዜው ከታወቀ ወደ ጽንሱ ሳይተላለፍ ይታከማል፤ የደም ግፊትም በኋላ ከፍ ቢል፣ አስቀድሞ ምን ያህል እንደ ነበረ ያልታወቀላትን ሴት መርዳት ያስቸግራል። እንግዲህ ልማድ «ዝም በይ» የሚልበትና ሐኪም «ተናገሪ» የሚልበት ወራት አንድ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መመደብ ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በመላው ኢትዮጵያ በሠለጠነ ባለሙያ አንድ ጊዜ እንኳ የታዩ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 27 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 62 ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የመጡት ግን ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ። መንገዱ አስቸጋሪ ነው ማለት እውነት ነው፤ በዋግ ገደል ምጥ የያዛትን ሴት በወሳንሳ ተሸክሞ መውረድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በስድስተኛው ወር የምትመጣውም ሴት የምትሄደው ያንኑ መንገድ፣ ያውም ከብዷት ስለ ሆነ፣ መዘግየቷን ርቀት ብቻውን አይገልጠውም።

የበኩር ልጅ በእናት ቤት የሚወለድበት ልማድም አለ። ክትትሏን በባሏ ቀበሌ የጀመረች ሴት ወሯ ሲገባ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ ካርዷ ካልተከተላት በዚያ ላለችው አዋላጅ ነርስ እንግዳ ናት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲደርስማ የጤና ተቋሞች ተዘርፈው ክትትሉም ተቋርጦ ነበር።

ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ይገነፋል፣ ቡናም ይፈላል፤ ይህ ወላዲቱን ከቤቷ ወግ እንዳትለይ ስለሚያደርግ መልካም ብልሃት ነው። በየቀበሌውም የነፍሰ ጡሮች ጉባኤ ይደረጋል። ወደዚያ መሄድ ግን እርግዝናን በአደባባይ መግለጥ ስለ ሆነ፣ ሆዷ ገና ያልታየ ሴት መቅረትን ብትመርጥ አያስደንቅም።