ያገለገለ የድርቆሽ ማሰሪያ መኪና፦ አሮጌ መሣሪያ እንደ ታሪክ ሰነድ

ታሪክ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የነገሥታት ዙፋን፣ የጦር ሜዳና የውል ወረቀት ነው። ዳሩ ግን የሰው ልጅ እንጀራውን የሚያገኝበት መሣሪያ ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። ይህም ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመሣሪያው በራሱ ገላ ላይ ነው፤ በተበየደው ብረት፣ በተተካው ቡሎንና ባለቀው ጥርስ ላይ ይነበባል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን አንድ መሣሪያ እንመለከታለን፤ ይኸውም ድርቆሽን እየጠቀለለ በክብ የሚያስረውን የእርሻ መኪና ነው። በመጀመሪያ ከየት እንደመጣ እንናገራለን፤ ቀጥሎም አንድ ገበሬ ያገለገለውን ሲገዛ፣ ሲያሻሽልና ሲጠግን ምን እንደሚያነብበት እናሳያለን። የዓመቶቹ ቁጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ችግሩ ምን ነበር?

ድርቆሽ ምን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻም። ክረምቱ አልፎ በሱሉልታ ሜዳ ሣር በማጭድ ሲታጨድ፣ በፀሐይ ሲሰጣና ሲከመር ያየ ሁሉ የሥራውን ጠባይ ያውቀዋል። ሣሩ ዘግይቶ ከታጨደ እንጨት ይሆናል፤ ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል፤ ደርቆ ሳለ ዝናብ ከመታው ጣዕሙም ጥቅሙም ይጠፋል። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» የሚለው ምሳሌ በተለይ ለድርቆሽ ሠራተኛ የተነገረ ይመስላል።

ይኸው ችግር በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች፣ በነብራስካና በአዮዋ ግዛቶች፣ እጅግ የከበደ ነበር። በዚያ አገር ምድሩ ለብዙ ወራት በበረዶ ስለሚሸፈን ከብቱ የሚኖረው በበጋ በተከማቸው ድርቆሽ ነው። ገበሬው በአጭር ጊዜ ብዙ ድርቆሽ ማጨድ፣ ማድረቅ፣ ማጓጓዝና ማከማቸት ነበረበት። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ድርቆሹን በአንድ ቦታ በቆመ መጭመቂያ እየጨመቁ የሚያስሩ መሣሪያዎች ተሠሩ። በፈረስ፣ በኋላም በሞተር ኃይል ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን ድርቆሹን ወደ መሣሪያው የሚያመጡ፣ የሚያጎርሱና የሚያስሩ ብዙ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ኤድዊን ኖልት የተባለ የፔንሲልቬኒያ ገበሬ በማሳው ላይ እየሄደ ድርቆሹን ከመሬት የሚያነሣ፣ የሚጨምቅና በሲባጎ ራሱ የሚቋጥር መኪና ሠራ። የኒው ሆላንድ ኩባንያም ይህን ንድፍ ይዞ ለገበያ አቀረበው። ከዚህ መኪና የሚወጣው እስር ባለ አራት ማዕዘን ነበር። ማሰሩ ቢቀልም ሸክሙ ግን ከሰው ትከሻ አልወረደም፤ እያንዳንዱን እስር ከማሳ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራም ወደ ከብቱ ግርግም የሚያነሣው የሰው እጅ ነበር። በአንድ የሥራ ወቅት ይህ በሺህ የሚቆጠር እስር ሲሆን ድካሙ ምን ያህል እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

የቆየ ሐሳብ፣ የዘገየ መኪና

ድርቆሽን እንደ ጡብ ከመጭመቅ ይልቅ እንደ ሰሌን መጠቅለል ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከኖልት መኪና የቀደመ ነው። በነብራስካ ግዛት፣ በሰተን ከተማ አካባቢ ይኖር የነበረው ኡሞ ሉበን ለዚህ ዓይነቱ መኪና በ1910 ገደማ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። የሐሳቡ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ሣር እንደ ጎጆ ክዳን ውሃን ወደ ጎን ያፈሳል እንጂ ወደ ውስጥ አያሰርግም።

ይሁንና መኪናው በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው በ1947 ነው። የአሊስ ቻልመርስ ኩባንያ የሉበንን ሐሳብ አሻሽሎ «ሮቶ ቤለር» ብሎ አወጣው። ለመሆኑ አንድ መልካም ሐሳብ ይህን ያህል ዓመት ለምን ቆየ? ተማሪዎቻችን ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ ነው። መሣሪያ ብቻውን አይወለድም። የሚጎትተው ትራክተር በየገበሬው ደጅ መገኘት አለበት፤ ከትራክተሩ ሞተር ኃይል ወደ ተጎታቹ መኪና የሚያስተላልፈው ዘንግ አንድ ወጥ ልክ ሊኖረው ይገባል። የዚህ ዘንግ ልክ በአሜሪካ በደንብ የተወሰነው በ1927 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ፤ የእርሻ ሠራተኛም አነሰ። ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው እነዚህ ሁሉ ሲገጣጠሙ ነው።

ሮቶ ቤለር እስከ 1960 ድረስ ወደ 70,000 ያህል ተሽጧል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነበር። አንደኛ፣ አንዱ እስር ተጠቅልሎ በሲባጎ እስኪታሰር ድረስ ገበሬው ትራክተሩን ማቆም ነበረበት። ሁለተኛ፣ እስሩ ትንሽ ስለነበረ አሁንም የሚያነሣው ሰው ነበር።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። በ1965 በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቨርጂል ሃቨርዲንክ የተባለ ተማሪ ለማስተርስ ጥናቱ ርእስ ፈልጎ ወደ መምህሩ ወደ ዌስሊ ብዩክሊ ሄደ። ሁለቱም በ1966 ትልቅ ክብ እስር የሚያወጣ መኪና ሠርተው ፈተኑ፤ እስሩ ሲደርቅ እስከ 270 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1971፣ በዚያው ግዛት በፔላ ከተማ የነበረው ጌሪ ቨርሚር ጎማ ቺንጋዎችን ተጠቅሞ እስከ አንድ ቶን የሚጠጋ እስር የሚጠቀልል መኪና ሠራ። እንደሚተረከው አንድ ወዳጁ የድርቆሹ ድካም ስለበዛበት የከብት ርባታውን ሊተው መሆኑን ነግሮት ኖሮ፣ ቨርሚር ያሰበው አንድ ሰው ብቻውን ድርቆሹን ሊሰበስብ የሚችልበትን መንገድ ነው። የዚህ እስር ምሥጢር ትልቅነቱ ነው፤ ሰው ሊያነሣው ስለማይችል የሚያነሣው ትራክተር ብቻ ሆነ።

መኪናው እንዴት ይሠራል?

ታጭዶ በተርታ የተኛውን ድርቆሽ የብረት ጣቶች ከመሬት ይለቅሙታል። ወደ መጠቅለያው ጓዳ ሲገባ የሚሽከረከሩት ቺንጋዎች ወይም ሮለሮች ያንከባልሉታል። እስሩ የተፈለገውን ያህል ሲወፍር ሲባጎ ወይም መረብ ይዞረዋል፤ ከዚያም የኋላው በር ተከፍቶ እስሩ ይወጣል። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ባለ አራት ማዕዘኑ እስር ሲባጎው መቋጠር ግዴታው ነው፣ ክቡ እስር ግን ቋጠሮ የለውም። ሲባጎው ደጋግሞ ከዞረ በኋላ ይቆረጣል፤ በራሱ ሰበቃም ተይዞ ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነው የቋጣሪው ክፍል ስለቀረ ጥገናው በዚያ በኩል ቀለለ።

ገዢው የሚያነበው ሰነድ

አዲሱ መኪና ውድ ነው፤ በዓመት የሚሠራው ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ መካከለኛና አነስተኛ ገበሬዎች የሚገዙት ያገለገለውን ነው። ብልህ ገዢ አዲስ ቀለም አያታልለውም፤ የታሪክ ተመራማሪ ሰነዱን እንደሚመረምር መኪናውን ይመረምራል።

መጀመሪያ የሚመለከተው ቺንጋዎቹን ነው። ሁሉም እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ተወጥሮ ሌላው ከላላ፣ ወይም ጫፋቸው ተበልቶ ከሆነ፣ መኪናው ለብዙ ጊዜ ሲጎተት ወደ አንድ ጎን ሲያደላ ቆይቷል ማለት ነው። መጋጠሚያቸው ላይ ያለው የብረት ስፌት ደጋግሞ መጠገኑም የሥራውን ብዛት ይናገራል። ቀጥሎ ኩሽኔታዎቹን ይፈትሻል፤ ሮለሩን በእጁ ቀስ ብሎ አዙሮ ያዳምጣል። የሚያንኳኳ ወይም የሚያንገጫግጭ ድምፅ ካለ፣ በዙሪያውም ያለው ቀለም ተቃጥሎ ከጠቆረ፣ የቀድሞው ባለቤት ግራሶ መስጠትን ችላ ብሎ ነበር።

ካቴናውና የሚዞርበት ጥርስም እንዲሁ ነው፤ የጥርሱ ጫፍ እንደ መንጠቆ ከሾለ አልቋል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን አንድ ትንሽ ቡሎን ነው። በኃይል ማስተላለፊያው ላይ ሸክም ሲበዛ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ቡሎን ያላቸው መኪናዎች አሉ፤ ቡሎኑ የሚሰበረው ትልቁ ጥርስ እንዳይሰበር ነው። በዚህ ቡሎን ቦታ ጠንካራ ብረት ተተክቶ ከተገኘ፣ አንድ የቸኮለ ሰው ደጋግሞ መተካቱ ሰልችቶት ጥበቃውን አስወግዶታል። እንዲህ ያለው መኪና የማርሽ ሳጥኑም ሳይጎዳ አልቀረም። በተለይ ገዢው መለዋወጫ መገኘቱን አስቀድሞ ይጠይቃል። አሊስ ቻልመርስ የእርሻ መሣሪያ ሥራውን በ1985 ሸጦ ወጥቷልና፣ የአሮጌ ሮቶ ቤለር ባለቤት የሚተማመነው ከሌላ አሮጌ መኪና በሚፈታው ዕቃና በበያጁ ችሎታ ነው።

ማሻሻልና መጠገን

ያገለገለ መኪና በሁለተኛው ባለቤት እጅ እንደ ገና ይወለዳል። ከታወቁት ማሻሻያዎች ዋናው ከሲባጎ ወደ መረብ መሸጋገር ነው። ሲባጎ እስሩን ለመያዝ ብዙ ዙር ይፈልጋል፤ ሰፊው መረብ ግን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጨርሳል። እስሩ ቶሎ ሲያልቅ ገበሬው ዝናቡን ይቀድማል። ይሁን እንጂ ሁሉም አሮጌ መኪና መረብ ማሰሪያ አይቀበልም፤ የማሻሻያው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። ስሌቱን ሳይሠራ የሚገዛ ሰው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ይደርስበታል።

ስለ ጥገና ስንናገር ስለ አደጋው ዝም ማለት አይገባንም። የትራክተሩ ዘንግ በደቂቃ ወደ 540 ጊዜ ይዞራል። የተዘጋን ድርቆሽ መኪናው እየሠራ በእጃቸው ለማስለቀቅ የሞከሩ ገበሬዎች ክንዳቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ መኪናው ሣሩን የሚስብበት ፍጥነት ሰው እጁን ከሚለቅበት ፍጥነት ይበልጣልና። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይወጣል፣ የተከፈተውም በር በመቆለፊያው ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጅ ይገባል። የጋለ ኩሽኔታ ደረቅ ሣርን እንደሚያቀጣጥል፣ እርጥበቱ ከመቶ 18 እጅ በላይ ሆኖ የታሰረ ትልቅ እስርም ውስጥ ውስጡን ግሎ ሊሻግት፣ ሲብስም ሊነድ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ተዳፋት ላይ የተተወ እስር ደግሞ ተንከባሎ ሰው ይገድላል።

ምን ተገኘ? ምን ቀረ?

ክቡ እስር ድካምን አቀለለ፤ አንድ ሰው የብዙዎችን ሥራ እንዲሠራ አስቻለ። ነገር ግን ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። ቀድሞ ድርቆሽ የሚሰበሰበው ጎረቤት ከጎረቤቱ ተባብሮ፣ የገበሬው ልጆችና የመንደሩ ወጣቶች ተጨምረውበት ነበር። እኛ ደቦ የምንለውን የሚመስል የመረዳዳት ልማድ በዚያም አገር ነበረ። ትልቁ እስር ሲመጣ ብዙ እጅ አላስፈለገም፤ አብሮ መብላቱም አብሮ መሥራቱም ቀረ።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምራል? መሣሪያ የሚወለደው ከአንድ አገር ችግር ነው። ክቡ እስር የተወለደው መሬት ሰፊ፣ ሠራተኛ ጥቂት ከሆነበት አገር ነው። ጉልበት በብዛት በሚገኝበት፣ ማሳው ትንሽ፣ ገንዘቡም ውሱን በሆነበት አካባቢ፣ ሣር በእንጨት ሳጥን ውስጥ በእግር እየተረገጠ በሲባጎ የሚታሰርበት ቀላል ዘዴ ከትልቁ መኪና የተሻለ መልስ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው «የቱ መኪና ዘመናዊ ነው?» ሳይሆን «የቱን መጠገን እንችላለን?» መሆን ይገባዋል። መጠገን ያልተቻለ መኪና፣ ምንም አዲስ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ብልሽት የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

ለመምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪዎችን በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ወደሚገኝ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት ወይም የልብስ ሰፊ ሱቅ ይውሰዷቸው፤ አንድ አሮጌ መሣሪያም ይምረጡላቸው። መሣሪያው የት ተሠራ? በስንት ሰው እጅ አለፈ? የትኛው ክፍሉ ተተካ፣ በምን ተተካ? ማን ጠገነው፣ ጥገናውንስ ከማን ተማረ? መልሱን ከባለሙያው አፍ ሰምተው ይጻፉ። ያ ባለሙያ ስሙ በመጽሐፍ ላይ አይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሉበን ያሰበውን፣ ቨርሚርም የሠራውን በሥራ ላይ ያቆየው እንደ እርሱ ያለው ሰው ነው።